አሳሹ የሚለብሰው

፩

ሲወጣ የለበሰው ልብስ፦

እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሌላው ተሞልቷል። ስም፦ ወንድይፍራው ተሰማ። ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት። ልዩ ምልክት፦ ግራ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ። የጠፋበት ቀን፦ ሐሙስ ማለዳ። አመልካች፦ ረድኤት ወንድይፍራው፣ ልጅ።

የፖሊስ ጣቢያዋ ሳጅን ኢፍቱ ቅጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። «ይቺን ሳትሞዪልን ምን ብለን እንፈልጋቸው እህቴ?» አለች።

የሚያስቀው ነገር (የሚያስቅ ከሆነ) ረድኤት ልብስ ሰፊ ናት። ድሬዳዋ ከዚራ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና የሰው ቀሚስ ስታጠብብ ነው የኖረችው። መንገደኛ ሲያልፍ ፊቱን ሳይሆን ስፌቱን ታያለች።

አንባቢ ሆይ፣ መስመሩን ለጊዜው ባዶውን እንተወው። እኔም አሁን የምሞላበት የለኝም።

፪

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ረድኤት ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ዕጣ አውጥታ ነበር። አንድ የወጣቶች ማኅበር የአልባሳት ውድድር አዘጋጅቷል፤ ተወዳዳሪው ምን እንደሚሠራ ዕጣው ይወስናል። የእሷ ወረቀት «ስቲምፓንክ አሳሽ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቅ አዘጋጁ ልጅ ዓይኑ በርቶ አስረዳት፤ «ቤንዚን ባይመጣ፣ ዓለም በእንፋሎት ባቡር ዘመን ላይ ቆማ ብትቀር ሰው ምን ይለብስ ነበር? አሳሹ ደግሞ ማንም የማያውቀውን አገር ሊፈልግ የሚወጣው ነው።»

«እሱማ እኛ ቤት አንድ አለ» አለች ረድኤት። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ያወጣ ይሰረዛል። ያሸነፈውን አዲስ አበባ ያለ ፊልም ሠሪ ለአልባሳት ሥራ ይወስደዋል። ዕድሜ ልኳን ከሰው ሱሪ እግር ሥር ላልወጣች ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል ብል አላጋነንኩም።

፫

አሳሽ በአንድ ሺህ ብር እንዲህ ይሠራል፦

ባርኔጣ። አሸዋ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቆፍረህ አውጣ። ወፍራም ሻይ አፍልተህ ንከረው፤ ሃምሳ ዓመት ያረጃል።

መነጽር። በያጅ ጎረቤትህን ለምነው። ክቡን የብየዳ መነጽር ስጠኝ በለው፤ የተሰነጠቀ ቢሆን ይበልጥ ያምራል።

የእንፋሎት ጋን። ውስጡ የተሰበረ ፔርሙስ ፈልግ፣ የመዳብ ቀለም ቀባው፣ ከአሮጌ ሻወር ቱቦ ጋር አገናኝተህ ጀርባህ ላይ እሰረው።

ጥርሳም ጎማዎች። የሞተ የግድግዳ ሰዓት ፍታና ከውስጡ አውጣቸው።

ካፖርት።

 

ካፖርት የለም። ድሬዳዋ ነው ያለነው፤ በዚህ ቃጠሎ ማን ካፖርት ይሸጥልሃል?

፬

በከተማው አንድ ካፖርት ብቻ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ካፖርታቸው ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ በሁለት ረድፍ የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት ነው። ባቡሩ ቀረ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ረድኤት እናቷን ቀበረች፤ ከዚያ ደግሞ የአባቷ ሐሳብ ቀስ በቀስ ይሸሽ ጀመር። ካፖርቱ ግን አልቀረም። በየማለዳው ለብሰውት፣ ትኬት መብሻቸውን ይዘው ወደ አሮጌው ጣቢያ ይሄዳሉ።

መሄዱን እንጂ መመለሱን አያውቁበትም። የሚመልሷቸው ባጃጆች ናቸው። ካፖርቱን ያየ ሹፌር ሁሉ ያቆማል። እሳቸው ገብተው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ «ትኬት!» ተሳፋሪው ያገኘውን ወረቀት ይሰጣል፤ የሎተሪ ቁራጭ፣ የፋርማሲ ደረሰኝ። ጋሽ ወንድይፍራው በስተው በክብር ይመልሱለታል። ድሬ ውስጥ ኪሱ ቀዳዳ ወረቀት የሌለው ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ ሹፌር ቢያጋጥም እንኳ ችግር አልነበረም። ረድኤት አንገትጌው ውስጥ የጨርቅ ቁራጭ ሰፍታበታለች፤ ስማቸው፣ ሰፈራቸው፣ የእሷ ስልክ።

፭

«አባዬ፣ ካፖርቱን እስከ ቅዳሜ ታውሰኛለህ?»

«ቅዳሜ ባቡር አለ እንዴ?»

«የለም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያም የለም።»

«እንግዲያው ውሰጂው» አሉ። ራሳቸው አለበሷት፤ የነሐሱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉላት፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩዋት። «ተሹመሻል ማለት ነው ሬዱዬ» አሉ። ልቧ እንዴት ደስ እንዳለው! ያን ረቡዕ ስሟን አልረሱም ነበር።

መብሻውንም ወሰደች። ለአሳሹ ቀበቶ ጥሩ ጌጥ ይሆናል።

፮

የካፖርት አዘገጃጀት (የቀጠለ)፦

ትከሻው ላይ የሰዓት ጎማዎቹን ስፋ። ደረቱን በቆዳ ማሰሪያ ክበብ። ከዚያ መላ ልብሱን ገልብጠህ ፈትሽ፤ ዳኞች ውስጡን ሳይቀር ያያሉ። የአሳሹ ያልሆነ ነገር ካለ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለህ ተርትረው፤ ጨርቁን እንዳትጎዳ።

አንገትጌው ውስጥ አንድ የጨርቅ ቁራጭ አለ።

አሳሽ ስልክ ቁጥር የለውም።

ቁራጩን የቁልፍ ጣሳ ውስጥ አስቀምጥ። ኋላ ትመልሰዋለህ።

 

ኋላ።

፯

ይህ ቁጥር የሐሙስ ማለዳ ነው። ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር።

አባቷ ካፖርታቸውን ፈለጉ፤ አጡት። ቤቱ ሙሉ የደንበኛ ልብስ ነው፤ ሰጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ሱሪና ጃኬት በሦስት ማዳበሪያ ታጭቋል። አንዱን ማዳበሪያ ዘርግፈው የሆነ ነገር አነሱ። ኋላ ረድኤት ክምሩን አሥር ጊዜ ገለባብጣዋለች። ያለውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የጎደለውን ነው ማወቅ ያቃታት።

የኔ ቢጤ ተራኪ እዚህ ላይ «ተኝታ ነበር» ብሎ ሊያልፍላት ይችላል። አልተኛችም። ሲንጀር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የደረቱን ማሰሪያ እየሰፋች ነበር። በሩ ሲከፈት ሰማች።

«አባዬ፣ ቶሎ ተመለስ እሺ» አለች።

ቀና አላለችም። መርፌው ቆዳው ላይ ነበር፤ ቀና ብትል ስፌቱ ይጣመማል።

ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ዛሬም ሄደህ ብታየው ቀጥ ያለ ነው።

፰

ዓርብ፣ ፖሊስ ጣቢያ። የባጃጅ ሹፌር ሙሂዲን የሰጠው ቃል።

ሙሂዲን፦ አቦ እኔ ካፖርቱን ነው የማውቀው። ካፖርቱን ካየሁ አቆማለሁ፣ ጋሼን ቤት አደርሳለሁ፣ በቃ። ፊቱን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፣ ወላሂ።

ሳጅን ኢፍቱ፦ ሐሙስስ?

ሙሂዲን፦ ሐሙስ ጣቢያው ፊት አንድ ሽማግሌ መጣና እጁን ዘረጋልኝ።

ሳጅን ኢፍቱ፦ ምን አለህ?

ሙሂዲን፦ የሆነ ነገር ብሏል። ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁትም።

ሳጅን ኢፍቱ፦ ከዚያስ?

ሙሂዲን፦ አሥር ብር ሰጠሁት።

(ረድኤት ቀና ብላ አየችው።)

ሙሂዲን፦ ለማኝ መስሎኝ እኮ ነው እህቴ! ብሩን ተቀበለኝ፣ ገለባብጦ አየው፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገው። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ። ለማኝ ብር ሲመልስ አይቼ አላውቅም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ሳጅን ኢፍቱ፦ በየት በኩል ሄዱ?

ሙሂዲን፦ ሐዲዱን ተከትሎ። ወደ ውጭ።

ሳጅን ኢፍቱ፦ ምን ለብሰው ነበር?

ሙሂዲን፦ ለማኝ የለበሰውን ማን ያያል?



፱

ቅዳሜ። ውድድሩ በአራት ሰዓት ነው።

ረድኤት ባርኔጣውን፣ መነጽሩንና ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ተወቻቸው። ከቁልፍ ጣሳው የጨርቅ ቁራጩን አውጥታ በቦታው ሰፋችው። በየመሐሉ ቀና እያለች በሩን ስለምታይ ስፌቱ ተጣመመ፤ አልፈታችውም። ካፖርቱን ለበሰች። የሰዓቱን ጎማዎች ለመንቀል ጉልበት አልነበራትም፤ ስትራመድ ትከሻዋ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

ወደ አሮጌው ጣቢያ ሄደች። ሐዲዱ ከተማውን ለቆ በሚወጣበት በኩል ፊቷን አዙራ ቆመች። ሐሳቧን ለማንም አልተናገረችም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። አባቷ እሷን ባያውቋት እንኳ ካፖርቱን ከሩቅ ያውቁታል፣ የኔ ነው ብለው ሊቀበሏት ይመጣሉ ብላ ነው። ፀሐዩ ከረረ። ላቡ በጀርባዋ ወረደ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ሐዲዱ ላይ ከፍየል በቀር የመጣ የለም።

ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ በደስታ ጮኸ።

«ጋሼ! ጋሼ ተገኘህ! ና ግባ፣ ቤትህ ላድርስህ!»

ረድኤት አልዞረችም። ከዞረች አባቷ እንደገና ይጠፋሉ።

፲

ሲወጣ የለበሰው ልብስ፦