የግሩም ስልክ መስመር ላይ ነው

ከምሳ በኋላ ሳቢያን ሰፈር ጭር ይላል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበስባል፤ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ስምረት በዚያ ሰዓት አትተኛም። ላፕቶፗን ከፍታ፣ ባሏ በገዛ እጁ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን የዋይፋይ መሣሪያ ገጽ ታያለች። በገጹ ላይ ከመሣሪያው ጋር የተገናኙት ስልኮች ይዘረዘራሉ፤ ለየስልኩ ስም ያወጣው እሱ ነበር። ልክ ስምንት ሰዓት ሲል አንድ ስም ብቅ ይላል፦ «የግሩም»።

ባሏ ግሩም ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። የሦስት ቀን ትኩሳት ወሰደው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ስልኩ ከዕቃው መካከል አልነበረም፤ እሷም ያን ቀን ስልክ የምትጠይቅበት አንደበት አልነበራትም።

ስሙን መጀመሪያ ያየች ዕለት ተነሥታ በሩን ቆለፈች። የተማረች ሴት ናት፤ መሣሪያው የሚያውቀው ስልኩን እንጂ ሰውየውን እንዳልሆነ ታውቃለች። ስልኩ ሌላ እጅ ገብቷል፣ ያ እጅ ደግሞ ቅርብ ነው። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። ሆኖም ስሙን ከዝርዝሩ ልታጠፋው አልቻለችም። የያዘው ሰው ሰልችቶት እንዲሄድ የዚያን ስልክ የኢንተርኔት ፍጥነት ብቻ ወደ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። አልሄደም። ግማሽ ሰዓት ይቆይ የነበረው ሁለት ሰዓት ሙሉ መቆየት ጀመረ።

ለማንም አልተናገረችም። ለአማቷ ለእማማ ማዘንጊያማ እንዴት ይነገራል? እሳቸው ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ያለውን የሰርቪስ ቤታቸውን በር ዘግተው ጋደም ይላሉ።

ነገሩን ያፋጠነችው ጎረቤቷ ዊዳድ ናት። ዊዳድ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ልብስ ትሸጣለች፤ የዋይፋዩን መስመር ያጋራት ግሩም በሕይወቱ ሳለ ነው።

«አቦ ስምረት፣ ስክሪኑ ላይ አፌን እንደከፈትኩ ድርቅ እላለሁ። ደንበኛው ሁሉ የሞትኩ መስሎት ጥሎኝ ይሄዳል» አለችና ምላሷን ነከሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የይለፍ ቃሉን ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዛሬ ነገ ሳትል እንድትቀይረው ለመነቻት።

ስምረት እሺ አለች። የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ ያ ስም ዳግመኛ አይመጣም። ሦስት ቀን አሳደረችው። በአራተኛው ቀን፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ እያለ፣ አዲሱን ቃል ጻፈች፤ የጥበቃውንም ዓይነት ወደ ጠንካራው ቀይራ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች። መሣሪያው ጠፍቶ ተነሣ። ላፕቶፗን መልሳ አገናኘችና ዝርዝሩን ከፈተች። እሷ ብቻ ነበረች።

የሰርቪሱ በር ተከፈተ። እማማ ማዘንጊያ በዚያ ፀሐይ ግቢውን አቋርጠው መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። በሁለት እጃቸው የያዙት የግሩምን ስልክ ነበር።

«ጠፋብኝ» አሉ።

ስምረት ከላፕቶፗ ተነሣች። እማማ ቀስ ብለው ነገሯት። ስልኩን ሆስፒታል ከትራሱ ሥር አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ነበር። ግሩም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ቬንትሌተር እንዴት እንደሚጠገን በቪዲዮ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ይጭን ነበር። እናቱ በየቀኑ የሚያዩት ያንን ነው። ከሽቦው ነገር አንዱም አይገባቸውም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አርባው እንደወጣ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጠሽ። ጫማውን እንኳ አላስቀረሽም። ይኼንንም ትሰጪብኛለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።» ስልኩን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉት። «አሁን አሁንማ ድምፁም ይቆራረጣል። አንድ ቃል ይልና ዝም። እስኪቀጥል ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋ ዝም ያሰኘችው እሷ ነበረች። አልነገረቻቸውም። እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች። አሮጌው ስልክ አዲሱን ጥበቃ አልቀበልም ሲላት፣ አሮጌ ስልኮችን ወደሚያስገባው ዓይነት መለሰችው። የይለፍ ቃሉን አስገባች። ከዚያ ፍጥነቱ ላይ ያኖረችውን ገደብ አነሣች፤ ከዊዳድም፣ ከራሷም አስቀደመችው።

«መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ» አለ ግሩም፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ።

እማማ ማዘንጊያ ወደ ውስጥ ገብተው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ለምራታቸው ቦታ ለቀቁላት። ስምረት ሥራ እንዳለባት ተናገረች። አልተቀመጠችም፤ ግን አልሄደችም። ከኋላቸው ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የቬንትሌተር ክንፍ እንዴት እንደሚፈታ እስከ መጨረሻው ሰማች።