ወደ መርከቧ የተመለሰው ወንድም

እታገኘሁ ላምበርትሴተር በተባለ ሰፈር ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትረዳ የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ሠራተኛ ነበረች። ከሁሉም የሚያስቸግሯት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ቶርላይፍ ነበሩ። ቁጭ አይሉም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲመላለሱ ይውላሉ። መድኃኒታቸውን እንኳ የምትሰጣቸው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ጸደይ፣ አንድ ጠዋት እሳቸው ቤት ሳለች የሕንፃው የእሳት ደወል ጮኸ። ደረጃው በጭስ ታፍኗል። ሽማግሌውን ደግፋ መውረድ ጀመረች። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን እጇን መንጭቀው ወደ ላይ ዞሩ።

"አርነ ውስጥ ቀርቷል! ልቀቂኝ!"

"ማንም የለም! ቤቱ ባዶ ነው!" አለች፣ መንገዱን በሰውነቷ ዘግታ።

እንደ ምንም አውጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። የተቃጠለው የጎረቤት መጥበሻ ብቻ ነበር። ቶርላይፍ ግን ዓይናቸውን ከሕንፃው በር አልነቀሉም።

"አርነ ማን ነው?"

"ታላቅ ወንድሜ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ አብረን እንሠራ ነበር። አትላንቲክ መሃል ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታን። በጀልባ አመለጥን። ሲነጋ መርከባችን ትጨሳለች እንጂ አልሰጠመችም። ካፒቴኑ 'ሞተሩን አስነሥቶ ወደብ የሚያደርሳት ማነው?' አለ። አርነ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ወደ መርከቧ ልመለስ ብሎ ተነሣ። ልከተለው ስል ደረቴን ገፍቶ አስቀመጠኝ። 'ለእናታችን አንዳችን እንትረፍላት' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ሞተሩ ተነሣ። ጀልባው ላይ ሆነን በደስታ ጮኽን። ጩኸታችንን ሳንጨርስ ሌላ ሰርጓጅ መጥቶ መርከቧን መታት። ባሕሩ ራሱ ነደደ።"

"እናትዎ ምን አሉ?"

"ምንም። በሩን ከፍታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች።"

 እታገኘሁን ሌሎች አረጋውያን እየጠበቋት ነው፤ ስልኳም ደጋግሞ ጠራ። አላነሣችውም። ሽማግሌው ብድግ ሲሉ ብድግ አለች፤ አብራቸው ሕንፃውን ዞረች። ሲደክማቸው ክንዷን ያዙ።

"አሁን እንግባ" አሉ።

ከሥራ ስትወጣ፣ ወደ ሴንትሩም፣ ወደ መሃል ከተማው፣ በሚሄደው ባቡር ላይ ሆና ስቶቭነር ሰፈር ለሚኖረው ወንድሟ ለይልቃል ደወለች።

"ምነው፣ ደህና ነሽ?"

"አዎ፣ ደህና ነኝ። የት ነህ?"

"ቤት ነኛ! ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። እየመጣሁ ነው፤ ሳትበላ ጠብቀኝ።"