የእግሬ ሳፋና የአማቼ ሽልማት

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ የፈጠራ ውድድሩን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ትቶት የወጣው እኔ የማላነብ መስሎት ነው። እውነት ነው፣ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ግን ልጄን ሳስጠና እሷ በአፏ ስትጮህ እኔ በሆዴ እየጮህኩ ፊደል ለይቻለሁ። ቀስ ብዬ፣ ጣቴን እያስኬድኩ አነባለሁ። አነበብኩት። ከላይ «ያገለገሉ የሊቲየም ባትሪዎችን መልሶ ለመጠቀም የሚያስችል ፈጠራ» ይላል። ዝቅ ሲል «የፈጠራው ባለቤት» ይላል። ከጎኑ የአማቼ ስም አለ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። እኔ የለሁም። ሦስተኛው ገጽ ላይ «በሥራው የሚሳተፉ የጉልበት ሠራተኞች» የሚል አገኘሁ። በምንሠራበት መጋዘን ውስጥ ከእሱ ሌላ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያበዛኝ አክብሮኝ ይሆናል።

ገንዘቡን አልፈለግኩትም፤ ከተሸለመ መጋዘኑን ያስፋበት። እኔ የፈለግኩት ያቺን አንድ መስመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሥራ ያረጀ ባትሪ መፍታት ነው። የስልኩ፣ የላፕቶፑ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ በጆንያ ይመጣልናል። ከውስጡ መዳብ ይወጣል፤ ስሙን አማቼ ብቻ የሚያውቀው ጥቁር ዱቄትም ይወጣል። ችግሩ፣ የሞተ የመሰለ ሁሉ አልሞተም። ኃይል የቀረው ባትሪ ሲቆረጥ እሳት ይተፋል። አማቼ ግራ ቅንድቡን ያጣው እንዲህ ነው፤ በኋላ የበቀለውም ከቀኙ ጋር አልስማማ ብሏል። በቴስተር መለካት ይቻላል፣ ግን አንድ በአንድ ነው፤ ጆንያው ሳያልቅ ዕድሜ ያልቃል።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ያገኘሁትም በእግሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እግሬ ያብጣል፤ ከሥራ ስመለስ ጨው በበዛበት ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ። አንድ ቀን ጎንበስ ስል ከሽርጤ ኪስ ሁለት የላፕቶፕ ባትሪ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። አንዱ ከጫፉ አረፋ ይለቅ ጀመር፣ ሌላው ዝም አለ። እግሬን አወጣሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁ። የሚንጫጫው ነፍስ አለው፣ ዝም ያለው ሞቷል። የሚንጫጫውም ጊዜ ከሰጡት ኃይሉን ጨርሶ ዝም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳፋ ደጅ ደረደርኩ፤ ደጅ ያልኩት ሽታው ቤት ስለማያስቀምጥ ነው። በየጠዋቱ ጨው በእፍኜ እጨምራለሁ። ዝገት አፉን ደፍኖት ዝም ያለ ከመሰለኝ አራግፌ እመልሰዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅንድብ አልጠፋም።

አማቼ ይህን መላዬን ይዞ ማሽን ሠራ። አልክደውም፣ እጁ ወርቅ ነው። የመስታወት ገንዳ፣ አረፋ የሚያይ ካሜራ፣ ባትሪውን የሚወስድ የጎማ ቀበቶ፣ መጨረሻው ላይ ቢላዋ። አረፋ ካለ ቀይ መብራት ይበራል፣ ባትሪው ይቆያል። ከሌለ አረንጓዴ ይበራል፣ ባትሪው ወደ ቢላዋው ይሄዳል።

ቅጹን ባነበብኩ ማግስት ያዝኩት።

«አንተ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ጀመርክ?»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«እነዚያን የጉልበት ሠራተኞች አስተዋውቀኝ። አብሬያቸው ስሠራ ሰላም እንኳ ሳልላቸው ኖሬያለሁ።»

ደነገጠ። «ቅጹን ማን አነበበልዎ?»

«ዓይኔ።»

ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳኞቹ የተማሩ ናቸው እማማ። የምርምር ሂደቱን ይጠይቃሉ። እግር ሲዘፈዘፍ ተገኘ ልበላቸው?»

«እግር ካሳፈረህ እጅ በላቸው።»

«ብንሸለም እኮ ለእርስዎም ነው!»

«ለእኔም ከሆነ ስሜን ጻፈው።»

አልጻፈም። ይባስ ብሎ ዳኞቹ በሚመጡበት ቀን «ዛሬ ይረፉ እማማ» ብሎ ቤት አስቀረኝ። ቤታችንና መጋዘኑ በአንድ መስኮት ይተያያሉ። ልጄ ወንበር አመጣችልኝ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እረፊ ካሉኝ እንዲህ ነው የማርፈው።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ጥርሷን የማታሳይ ሴት ነች። ሁለተኛው ክራቫቱ ገንዳው ውስጥ እንዳይገባበት በእጁ የያዘ ሰውዬ። ሦስተኛው ይጽፋል ብቻ። አማቼ ለእንግዳ ብሎ ገንዳውን አጥቦ ወልውሎታል፤ ከነጩ የጨው ቅርፊት አንድም አልቀረም። ውኃውንም ቀይሮታል። ጠርቷል፣ ማዶውን ያሳያል።

ክው አልኩ። ውኃ የሚቀይረው እሱ ነው፣ ጨው የምጨምረው እኔ። ስለ ጨው አራት ገጽ ጽፏል፤ በእጁ ግን አንድም ቀን ጨምሮ አያውቅም።

«ከረጅም የላቦራቶሪ ጥናት በኋላ…» ይላል።

«እሰይ፣ እግሬ ላቦራቶሪ ሆነ» አልኳት ልጄን።

ከጆንያው አንድ ባትሪ አንሥቶ ነከረው። አረፋ የለም። ያለ ጨው ከየት ይመጣል? አረንጓዴው በራ፣ ዳኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባትሪው በቀበቶው ላይ እየተጎተተ ጉዞ ጀመረ። ባለክራቫቱ በደንብ ለማየት ቢላዋው ላይ አጎነበሰ።

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል «ተዪው፣ ይቅመሰው» ብያለሁ። ከዚያ ያቺ የማትስማማ ቅንድቡ ታየችኝ። የልጄ ባል ነው፤ ያም ሰውዬ የማን አባት እንደሆነ ማን ያውቃል።

«አጥፋው!» ብዬ በመስኮቱ ጮህኩ። ዞር ብሎ አየኝና እጁን አወናጨፈ፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። በእነዚህ ባበጡ እግሮች እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ደግነቱ ቀበቶው ከእኔም ይዘገያል። ሶኬቱን ነቀልኩት። ቢላዋው ከባትሪው ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ አለ።

«እኚህ ማናቸው?» አለች ሰብሳቢዋ።

«እ… የጉልበት…» አለ አማቼ።

«ሠራተኞች ነኝ» አልኳት።

ጥግ ካለው ከረጢት አራት እፍኝ ጨው ገንዳው ውስጥ ደፋሁና በእንጨት አማሰልኩት። ባትሪውን አንሥቼ መልሼ ጣልኩት። አረፋው ከጫፉ ተንፎለፎለ። «ይኼ ነው የሞተው? ከእናንተ ሁሉ ይበልጥ ይናገራል!» ባለክራቫቱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቅንድቡን ዳሰሰ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «እናቴ፣ ይህን ከየት አወቁት?»

ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ብናገር ክርክር ነው፤ እሱ ቢናገር ግን ምስክርነት ነው። «ባለቤቱ እሱ ነው ተብሎ ተጽፏል፣ እሱን ጠይቂው» አልኳት።

አማቼ ወለሉን አየ፣ ልጄን አየ። ልጄ በመስኮቱ ቆማ እያፈጠጠችበት ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያገኙት እሳቸው ናቸው» አለ። «እግራቸውን በጨው ውኃ ሲዘፈዝፉ። ማሽኑን ነው እኔ የሠራሁት። ስማቸውን ያልጻፍኩት… አፍሬ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። «እግር ብዬ ልጻፍ?»

«ሁለት እግር በል» አልኩት።

ሰብሳቢዋ ቅጹን አውጥታ ያቺን መስመር አስተካከለችው። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኳት። ቅድመ አያቴን ስጀምር ቦታ አልቀረም አለችኝ። የአማቼ ስም ከእኔ በታች «የማሽኑ ሠሪ» ተብሎ ገባ። እውነት ስለሆነ አልተቃወምኩም።

ሁለተኛ ወጣን። ደብዳቤው በስሜ መጣ፤ የፈጠራው ባለቤት በአካል ቀርቦ የአምስት ቀን ሥልጠና ካልወሰደ ሽልማቱ አይለቀቅም ይላል። ስም ስፈልግ ስብሰባ ተከትሎት መጣ።

«ውክልና ይስጡኝ፣ እኔ ልሂድልዎ እማማ» አለ አማቼ፣ ለስለስ ብሎ።

«ደግሞ ልታፍርልኝ? እኔው እሄዳለሁ።»

የሥልጠናው አዳራሽ በር ላይ የቆመው ወጣት «ወላጆች ውጭ ነው የሚጠብቁት» አለኝ። ዝርዝሩን ከእጁ ወስጄ ስሜን በጣቴ አሳየሁትና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት የልጅ ልጆቼን ያክላሉ፤ እያንዳንዳቸው የዓለምን ችግር ሊፈቱ ነው። አሠልጣኙ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» ብሎ ከእኔ ጀመረ።

«በሕይወት» አልኩት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ምን እንዳስጨበጨባቸው እንጃ፤ የምሬን ነበር።