የፊቱ ዱቄት

«እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ የንፍሮውን ሰሃን ለጎኗ ሴት እያሳለፈች። ያንሾካሾከች መስሏት ነው።

«የሞተው ልጄ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሏት እትዬ ውባንቺ ከፍራሹ ላይ።

ሴትየዋ ንፍሮውን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘች ቀረች፤ ማኘኩም መዋጡም ነውር ሆነባት።

ሰልስቱ ነው። ከእህል በረንዳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሰፈር የእድሩ ድንኳን መተላለፊያውን ዘግቶ ቆሟል፤ ወንዶቹ እዚያ ካርታ ይጫወታሉ። የእትዬ ውባንቺ አንድ ልጅ ይሄይስ፣ ዱባይ ተራ ጫማ ሊሸጥ በማለዳ እንደወጣ ወደ ኋላ የሚመጣ አይሱዙ ከግንብ ጋር አጣበቀው። ተቀበረ። የእናቱ ዓይን ግን ውሃ እንደጠፋበት ቧንቧ ደረቀ። ደረታቸውን መቱ፤ አልሆነም። አፋቸውን ከፍተው ዋይታው እስኪመጣ ጠበቁ፤ ቀረ። አሁን ለሚመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ግን ያልተፈጨ ድንጋይ አለ።

«ቢያለቅሱ እኮ ይወጣልዎታል እትዬ» አለች ጫልቱ። እበራቸው ላይ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት።

«አልቅሼዋለሁ። አንቺም ነበርሽ።»

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፣ ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከጾሙ በፊት ነው። ይሄይስ «ዘፋኝ ነኝ» ይል ነበር፤ እናቱ ደግሞ «ቁራም እኮ ይጮኻል፤ አንተ ጫማህን ሽጥ» ይሉታል። ከእትዬ ውባንቺ አፍ ማር ጠብ ብሎ አያውቅም። ልጅ በምላስ ከተቆላመጠ ይበላሻል ባይ ናቸው። እሱም አንድ ቀን እንኳ ተቆላምጦ አያውቅም።

ክሊፕ ላሠራ አለ። የደህና ካሜራ ኪራይ የማይታሰብ ስለሆነ የጓደኛው የቢላል ስልክ ካሜራ ሆነች። ቢላል ዱባይ ተራ ስልክ ይጠግናል። ስልኳን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በፕላስተር አሰሯት፤ እንጨቱን የተሸካሚ ጋሪ ላይ አቆሙት። ጋሪው ሲገፋ ካሜራውም ይሄዳል። መብራት ስለሌለ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ አዙረው ብርሃኑን በበሩ ወደ ቤት ወረወሩት።

ዘፈኑ ከሞተ በኋላ ፍቅረኛው ስለምትመጣለት ሰው ነው። እንግዲህ ለቅሶ ያስፈልጋል። ይሄይስ ድንኳኑን ከእድሩ ዳኛ ከጋሽ ሀብተ ወልድ «ለፕሮግራም ነው» ብሎ ተዋሰ። ጫልቱና የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ለበሱ። እሱ ፊቱ ላይ ነጭ የጤፍ ዱቄት ነስንሶ ፍራሽ ላይ ተጋደመ። ለእናቱ ግን የነገራቸው የለም። ጆንያ ሲጠቅሙ እስከ ምሽት እህል በረንዳ ይውላሉ ብሎ ነው።

ያን ቀን መርፌያቸው ተሰበረ። ሌላ ሊወስዱ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ገቡ። ልጃቸው እንደ ከፈን ነጥቶ ተዘርግቷል።

እትዬ ውባንቺ ወደቁ። ተነሡ። ደግመው ወደቁ። ከዚያ ከየት እንደመጣ እሳቸውም የማያውቁት ሙሾ ከአንጀታቸው ወጣ፦

«ጆንያዬ ተቀዶ በመርፌ ሰፋሁት፣
አንጀቴ ተቀዶ መርፌውን አጣሁት።»

ማንም አላስቆማቸውም። ጫልቱ ኋላ ላይ «እርስዎም ያሉበት መስሎኝ እኮ ነው፤ እንዴት ያለች ተዋናይ ናት ስል ነበር» ብላቸዋለች።

ሙቱ ዓይኑን ገለጠ። «እማ፣ እማ፣ አለሁ። ክሊፕ ነው።»

ከዚያ በኋላ እትዬ ውባንቺ የሚያስታውሱት ጫማቸውን ብቻ ነው። በኮንጎ ጫማ ቀጠቀጡት። «ሞትን ድንኳን ተክለህ ጠራኸው» አሉት። የቀረጹት እንዲጠፋም አዘዙ። ይሄይስ ገብርኤልን ጠርቶ «ጠፍቷል» አላቸው።

ይኸው ዛሬ ሰፈሩ «ሟርቱ ነው» እያለ ይንሾካሾካል። እትዬ ውባንቺን የሚያብከነክናቸው ግን ሌላ ነው። ለልጃቸው የተሰጠቻቸውን እንባ ለውሸት ሞቱ አፍስሰው ጨርሰዋታል፤ ለእውነተኛው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ቢላል ገባ። ከቀብሩ ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ቤት ለመግባት ደፍሮ አያውቅም። ጋሽ ሀብተ ወልድ ተከትለውታል። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ክሊፑ አልቋል። ልልቀቀው ወይስ ይቅር? እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

«ይቅር እንጂ» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ። «ባዶ ድንኳን አስተክሎ አይደል ሞትን የጠራው?»

«ሞት ድንኳን አይቶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አንተ በየሳምንቱ ትሞት ነበር ሀብተ ወልድ። ድንኳኑ የሚያድረው አንተ ቤት ነው።» ወደ ቢላል ዞሩ። «የኔ ለቅሶ አለበት?»

«የለበትም። ይሄይስ ራሱ ነው ቆርጦ ያስወጣው። ግን አልጠፋም።»

«ማለልኝ እኮ።»

«ለሱ የላክሁለት ከስልኩ ጠፍቷል። እኔን አስቀምጥልኝ አለኝ። ሱቅ እየመጣ ያየው ነበር። ‹የትኛውም ሙት እናቱ እንዴት እንደምታለቅስለት አላየም፤ እኔ ግን አይቻለሁ› ይል ነበር።»

እትዬ ውባንቺ መዳፋቸውን ዘረጉ። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ድምፅ ከውጭ ይሰማል።

«አምጣው።»

ቢላል ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። የገዛ ሙሿቸው ትንሽ ሆኖ ከውስጡ ወጣ። ልጃቸው ከፍራሹ ብድግ አለ። ጫማው ወረደበት፤ ይስቃል፣ ይከላከላል። ቀጥሎ ያለውን ግን አያስታውሱትም ነበር። ጫማው ከእጃቸው ወደቀ፣ ልጁን በጆሮው ጎትተው አስቀመጡት፣ የነጠላቸውን ጫፍ በምላሳቸው አርሰው ፊቱን ይጠርጉለት ጀመር። «የሰው እህል ፊትህ ላይ ትደፋለህ፣ አንተ ቁራ» ይላሉ። ይሄይስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሕፃን አገጩን አንሥቶ ሰጣቸው። እዚያ ላይ ተቆረጠ፤ ግማሽ ፊቱ ገና ነጭ ነው።

«ዘፈኑን ልቀቀው» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ይሄኛው የኔ ነው።»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወስደው አራሱ። የቀረውን የልጃቸውን ጉንጭ በስልኩ መስታወት ላይ ጠረጉ። ምስሉ በጣታቸው ሥር ወደ ኋላ ተንሸራተተና ይሄይስ እንደገና ተጋደመ።

«ቆይ እማማ፣ ላስተካክልልዎ» አለ ቢላል እጁን ዘርግቶ።

እጁን ገፉት። «ተው፤ አልጨረስኩም።»

ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። መስታወቱ ግን በጠረጉት ቁጥር ይብስ ይረጥብ ነበር።