የጭስ በር

ደንብ አስከባሪዎቹ የምድጃዋን የጭስ ቧንቧ ከግድግዳው ነቅለው ሲሄዱ ሀረገወይን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትላ ሰደበቻቸው። አንዱ ቧንቧውን ትከሻው ላይ እንደ ጠመንጃ አጋድሞታል።

«እትዬ፣ ፈቃድ ያውጡና ይውሰዱት» አላት ዞር ብሎ። «የቀበሌ ቤት ግድግዳ ያለ ፈቃድ አይበሳም። ደግመው ቢበሱት ቤቱንም ይነጠቃሉ።»

ከመቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ክረምቱ ዘንድሮ ፋታ አልሰጠም። የቤቱ ጭቃ ግድግዳ ዝናቡን ጠጥቶ ከውስጥ በኩል ያልባል። የሀረገወይን ልጅ መሲ ያለ ወሩ የተወለደ ወንድ ልጅ ታቅፋ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ጋደም ብላ አታውቅም። ሐኪሙ «ይህን ልጅ ብርድ እንዳይነካው፤ ቤታችሁ ካልሞቀ ከደረትሽ እንዳታወርጂው» ስላላት፣ ሕፃኑን ራቁቱን ጡቶቿ መሀል አድርጋ በነጠላ ትጠፍረውና ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። አንገቷ በእንቅልፍ ሲሰበር እናቷ ሕፃኑን ትቀበላታለች። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳይገዙ ዝናብ በመጣ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ከሰል ቢያስገቡ ጭሱ መሲን አዙሮ ጣላት፤ ሀረገወይን ባትደርስ ኖሮ ሕፃኑ ከሥሯ ሊቀር ነበር። በያጁ ደቅሲሳ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሠራላቸው፣ ጭሱንም በግድግዳው በኩል የሚያወጣ ቧንቧ የቀጠለላቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

በማግስቱ ሀረገወይን ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ፈቃድ ክፍል ሄደች። ጽሕፈት ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ሀረገወይን በኦሮምኛ ስትገበያይበትም፣ ስትጣላበትም፣ ለቅሶ ስትደርስበትም ኖራለች፤ መጻፉ ግን አይሆንላትም። ስለዚህ መዝጋቢዋ ሴና እየጠየቀች ትሞላላት ጀመር። ምን ሊሠራ ነው ስትባል ሀረገወይን አገሬው የሚለውን አለች፦ «ኡላ ኣራ»። የጭስ በር፣ የጭስ መውጫ።

ሴና ኮምፒውተሯን ወደ ላይ ወደ ታች አለችበት። «እትዬ፣ ጭስ የሚባል አገልግሎት የለንም። ኡላ ግን አለ። በር መክፈት። እሱን ላድርገው?»

«ፈቃዱን ስጪኝ እንጂ የፈለግሽውን በይው።»

ይህችን ቃሏን በኋላ ደጋግማ ረገመቻት። በር ከሆነ ወደ መንገድ የሚወጣ በር ነው፤ ወደ መንገድ የሚወጣ በር ደግሞ ሱቅ ነው ተባለ። ሱቅ እንደማትከፍት ከንግድ ክፍል ደብዳቤ አምጪ አሏት። ንግድ ክፍሉ ለነጋዴ እንጂ ለማይነግድ ሰው ደብዳቤ አንጽፍም አለ። በሩን የሚለካው ባለሙያ ለስብሰባ ወደ ሁሩሙ ከተማ ሄዷል፤ ሲመለስ ደግሞ መኪና የለውም። ቤቷ ከጽሕፈት ቤቱ በስተጀርባ ነው። «በእግሩ አይመጣም?» ብትል ሴና አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

አንድ ጠዋት ሕፃኑ ጡት አልይዝም አለ። ሀረገወይን እግሩን ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ሳትደርብ ወጥታ፣ የተሰለፉትን ባለጉዳዮች አልፋ የኃላፊውን የኩመራን በር ገፋችው።

ሙቀት ፊቷን መታት። ውጭ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ኩመራ ጫማውን አውልቆ ወረቀት ያነባል።

«እትዬ ሀረገወይን፣ ወረፋ አለ እኮ። የበር ጉዳይዎ ገና...»

«በር አይደለም አቶ ኩመራ። ጭስ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ያለው በር ነው።»

«መዝገቡ ይበርደዋል? የልጅ ልጄ ዛሬ ጡት እንቢ አለ። እግሩ ውሃ ሆኗል።»

«አዝናለሁ። ጭስ ከሆነ ይህን አሰርዘው እንደ አዲስ ያመልክቱ። ግን ጭስ የሚባል አገልግሎት...»

«የላችሁም።»

«የለንም።»

ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ፍም መስሏል፤ የኃላፊው ካልሲ ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል።

«ይሄኛው ፈቃድ አለው?»

ኩመራ እግሩን ሰበሰበ። «ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ቤቱስ የማን ነው? ግድግዳውስ? ለካልሲህ ጄኔሬተር ታስነሳለህ፤ ለሕፃን አንዲት ቀዳዳ ትከለክላለህ! አንተ ሰው ነህ?»

ባለጉዳዮቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ሀረገወይን ሹም «አንተ» ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል፤ ልትመልሰውም አልፈለገች።

«በር አልክ አይደል? በሩን ፍቀድልኛ! ያልጠየቅሁትን በር ስጠኝና ልሂድልህ!»

ኩመራ በሩ ላይ የተሰበሰቡትን ሰዎች አየ፤ ካልሲውን አየ። ባለሙያም፣ ደብዳቤም ሳይጠይቅ ፈርሞ ማኅተሙን መታ።

ደቅሲሳ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «እትዬ ሀረግ፣ ይሄ የበር ነው። ቧንቧ አይልም። ቧንቧውን ብቻ ብናወጣ ተመልሰው ይነቅሉታል።»

«በር ይሁና።»

«ቤት ለማሞቅ በር እንክፈት?» ብሎ ሳቀ። ፊቷን አይቶ ዶማውን አነሳ።

ግድግዳው ሲፈርስ ዝናቡ ገባ። መሲ ልጇን አቅፋ ጥግ ላይ ኩርምት ስትል፣ ሀረገወይን ብርድ ልብስ ወጥራ ጀርባዋን ለቀዳዳው ሰጠች። ውሃው ከማጅራቷ እስከ ወገቧ እየወረደ፣ ዶማው ባረፈ ቁጥር ኩመራን ትሰድባለች። ደቅሲሳ የላሜራ በር አቁሞ ዙሪያውን ከብረት መቃኑ ጋር በየደው፤ እጀታም ማጠፊያም አላበጀለትም። ከላይ በኩል ክብ ቀዶ፣ በማኅተሙ ያስመለሱትን ቧንቧ አወጣበት።

ቧንቧውን የወሰደው ደንብ አስከባሪ መጥቶ በሩን ገፋው። «አይከፈትም?»

«ይከፈታል» አለች ሀረገወይን። «ለጭስ።»

ወረቀቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ራሱን አከከና ሄደ።

አመሻሹ ላይ ግድግዳው እንፋሎት ይተፋ ጀመር። ሕፃኑ ጡቱን ጎትቶ ጎትቶ ጠባ። መሲ ነጠላውን ፈታች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረቷ አውርዳ አልጋው ላይ አስተኛችውና፣ እጇን ሆዱ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ሀረገወይን ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ቤቱ ሲሞቅ ንዴቷ የሚበርድ መስሏት ነበር፤ አልበረደም።

በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! ሻይ አለ?» አለ አንድ መንገደኛ ከውጭ። «አዲስ የተከፈተው ሻይ ቤት እዚህ ነው አሉን።»

ስድቡ ሁሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዞር ብላ አልጋው ላይ የተኙትን አየች። ከዚያ ተነስታ አፏን በመቃኑና በግድግዳው መሀል ወዳለው ስንጥቅ አስጠጋችና፣ ለኩመራ ሳትነግረው የቀረውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ለማታውቀው ሰው በሹክሹክታ ነገረችው።