ካቴናው ሳይፈታ

አረጋሽን መጀመሪያ ያየኋት በ1973 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ያኔ ደባርቅ ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እሷ ከደረስጌ አካባቢ የመጣች፣ አርባ ያለፋት ገበሬ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻዋን ይዛዋለች። እጆቿ በካቴና፣ እግሮቿ በሰንሰለት ታስረው፣ ሃምሳ አለቃ ያርጋል እየመራ አስገባት። ሰንሰለቱ የወለሉ ሣንቃ ላይ ሲንኳኳ ችሎት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «የገደለችው ይቺ ናት?» ስትል ሰማሁ።

የሞተ ሰው አልነበረም። ክሱ ገሠሠ የተባለውን የገበሬ ማኅበር ጥበቃ በማጭድ ለመግደል ሞክራለች የሚል ነው። እኔው አነበብኩላት። ዳኛው አቶ ገብረ ኪዳን መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ድርጊቱን ፈጽመሻል ወይስ አልፈጸምሽም?» አሏት።

«እጄ ሳይፈታ አልናገርም፣ ጌታዬ።»

«የምትመልሺው በአፍሽ ነው እንጂ በእጅሽ ነው እንዴ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ነገሩ የሆነው በእጅ ነው፤ ማሳየት የምችለውም በእጄ ነው። ደግሞስ እንዲህ ተተብትቤ ያየኝ ሁሉ ፈርዶብኛል። ዳኛው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ዳኛው ቀጠሮውን በሦስት ሳምንት አራዘሙት። እኔም «ተከሳሿ ቃሏን ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ብዬ ጻፍኩ።

እኅቷ በለጠች ስንቅ ይዛ ሁለት ቀን ተጉዛ መጥታ ነበር። በእስር ቤቱ አጥር አጠገብ ሳልፍ ስትለምናት ሰማኋት።

«አንድ ቃል ብለሽ ብትገላገይ ምን አለበት?»

«አንድ ቃል ብል የሚሰሙኝ አንድ ቃል ብቻ ነው» አለች አረጋሽ።

በሁለተኛው ቀጠሮም እንደታሰረች ገባች፤ እንደገናም አልናገርም አለች። ዐቃቤ ሕጉ ተናዶ፣ ዝምታዋ ጥፋቷን እንዳመነች ይቆጠርልኝ አለ። ዳኛው፣ «ዝምታ በሕጉ ክህደት ነው፤ ምስክር እንሰማለን» ሲሉ እሷ ቀና አለች።

«በአያቴ ጊዜ ተከሳሽ ሲታሰር ከሳሹም አብሮት ይታሰር ነበር። ቁራኛ ይሉታል። ምስክር የሚሰማብኝ እኔ እንዲህ ሆኜ ከሆነ፣ እኚህም ከእኔ ጋር ይታሰሩልኝ» ብላ በአገጯ ወደ ዐቃቤ ሕጉ አመለከተች።

ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዳኛውም አልሳቁም። ምስክር መስማቱን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስተላልፈው ችሎቱን ዘጉ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ዋለ። ከአስተዳደሩ የተላከ አንድ ካድሬ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አረጋሽ እንደወትሮዋ ሰንሰለቷ እየተንኳኳ ገባች። ዳኛው እሷን ትተው ያርጋልን ጠየቁት።

«ይህችን ሴት አስረህ እንድታስገባ ማን አዘዘህ?»

«የተለመደ ነው፣ ጌታዬ።»

«ልታመልጥ ሞክራለች?»

«አልሞከረችም።»

«እስር ቤት ውስጥ ሰው መትታለች?»

«ኧረ የለም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ መዝገቡ ላይ ትታሰር ብዬ የፈረምኩት ትእዛዝ አለ?»

እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ካድሬው ዓይኑን ተክሎብኛል። ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከዚያ በኋላ የምገልጠው ሲያልቅብኝ፣ «የለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

ካድሬው ተነሣ። «ጓድ ዳኛ፣ የተከሰሰችበት ነገር እኮ ጸረ አብዮት ነው።»

«የተከሰሰችበትን አውቀዋለሁ። የተፈረደባት ግን የለም» አሉ ዳኛው። «ፍታት!»

ያርጋል ተንበርክኮ የእግሯን፣ ቀጥሎ የእጇን ፈታ። አረጋሽ መጀመሪያ ነጠላዋን ራሷ አስተካከለች። ለሁለት ወር ያህል ችሎት ፊት ያን ማድረግ አልቻለችም ነበር። ከዚያ ቀኝ እጇን ጨብጣ ከፍ አደረገች።

«ገብስ እያጨድኩ ነው። ማጭዱ በዚህ እጄ ነው። ገሠሠ መጣና መሬቱ ለሌላ ተደልድሏል፣ አቁሚ አለኝ። አላቆምም ስለው ስለቱን እንዲህ አድርጎ ያዘው» ብላ በግራ እጇ ከቀኝ ጭብጧ በላይ፣ ስለቱ በሚሆንበት በኩል አየሩን ጨበጠች። «እኔም ጎተትኩ። አልዋሽም፣ ስለቱ በእጁ እንዳለ እያየሁ ጎትቻለሁ። ለመግደል ግን አላነሣሁም።»

ዳኛው ገሠሠን አስነሡት። ወጣት ነው፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

«መዳፍህን አሳየን።»

ጠባሳው በአራቱ ጣቶች ውስጠኛ በኩል አግድም ተሰምሯል።

«ማጭዱን ይዘኸው ነበር?»

ገሠሠ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። «ይዤው ነበር» አለ።

የግድያ ሙከራው ውድቅ ሆነ። በማቁሰሏ አራት ወር ተፈረደባት፤ ከተያዘች አምስት ወር አልፏት ስለነበር ያንኑ ዕለት ትለቀቅ ተባለ። ካድሬው ሳይሰናበት ወጣ። ዳኛው በሰኔ ወደ ቆላ ተዛወሩ፤ ምክንያቱን የነገረን የለም።

ያን ዕለት ግን ደጅ ላይ ቆሜ አረጋሽ ስትወጣ አየኋት። በለጠች አቅፋት ታለቅሳለች። ገሠሠ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ጣቶቼ አሁንም አይጨብጡልኝም» አላት።

ወደ እሱ ሄዳ እጁን ገልብጣ አየችው።

«በመጪው ኅዳር የአንተን ማሳ እኔ አጭድልሃለሁ።»

«መሬቱስ?»

«በመሬቱ ደግሞ እንካሰሳለን» አለችው፤ እጁንም ለቀቀችና ከእኅቷ ጋር በቡይት ራስ በኩል ወደ አገራቸው የሚወስደውን መንገድ ያዘች።