ሰማያዊው ኮፍያ

የትምህርት ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ቤቱን ሳጸዳ እጄ ዝሎ ነበር። ልጄን እቤት ማስተማር መብቴ ነው፤ ሕጉ ራሱ ይላል። ግን ያንኑ መብቴን በየጊዜው ከመንግሥት እንደ አዲስ መለመን አለብኝ። ፈቃዱ ሲያልቅ ሰው ይልካሉ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ሻዬን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርኩ ማሰብ ራሱ ይደክመኛል።

የጀመርኩት በትልቁ ልጄ በኪራን ምክንያት ነው። ከጓሯችን አጥር ወዲያ ያለው ትምህርት ቤት ልጄን እያለቀሰ ሄዶ እያለቀሰ እንዲመለስ ሲያደርገው ቆየ። ልጆች እየመቱት አስተማሪዎቹ ሁሉ አላየንም አሉ። አንድ ቀን ቦርሳውን ከእጁ ተቀብዬ ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪህ እኔ ነኝ አልኩት። አሁን ኪራን ጢሙን አብቅሎ በአገሪቱ ምዕራብ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠራል፤ በየሳምንቱ እየደወለ ይቀልድብኛል። እህቱ ኤልሲ ግን በዚያ ትምህርት ቤት በር አልፋ አታውቅም። ከፊደል ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ ናት። የማስተምርበትን መንገድ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

እንደኔ እቤት የሚያስተምሩ እናቶች ሐሙስ ሐሙስ መናፈሻው ውስጥ እንገናኛለን። ምክራቸው ሁሌም አንድ ነው፦ ኬክ ጋግሪ፣ የልጅቷን ሥራ ግድግዳው ላይ ለጥፊ፣ እሷን ግን ወደ ጓሮ ላኪያት። ሰውየው ቦታውንና ዕቅዱን ማየት አለበት እንጂ ልጁን ካላናገርኩ የሚልበት ሕግ የለም። ልጅ ደግሞ አፉ አይታመንም። ስለዚህ ኬኩን ጋገርኩ፣ ለጠፍኩ፣ ኤልሲን ወጥተሽ ተጫወቺ አልኳት።

የመጣው ሚስተር ዶብሰን የሚባል፣ ድሮ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበረ ሽማግሌ ነው። ከሙቀቱ የተነሳ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ከእኔ ብሶ የደከመው ሰው ሳይ ትንሽ አዘንኩለት። የኤልሲን ሥራ አንድ በአንድ አየ። ስለ ወንዛችን የጻፈችውን ሁለቴ አነበበው። ጥሩ እየሄደ ነበር፤ እኔ ግን አፌን መያዝ አልችልም።

«ልጅቷ የማን ናት? የእኔ ናት ወይስ የመንግሥት?» አልኩት።

«ይህቺን ጥያቄ በየቤቱ ነው የምጠየቃት፣ ናሬል» አለኝ ኬኩን እየቆረሰ። «የመንግሥት ናት ብዬስ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነው በመስኮቱ አሻግሮ አይቶ፣ ልጅቷ ተቀጥታ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ። ብድግ ብዬ አየሁ። ኤልሲ ከዝናብ ውሃ ታንከሩ ጥላ ስር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ገመዱ ላይ ዥዋዥዌዋ ባዶውን ይወዛወዛል። ከአጥሩ ወዲያ ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ይንጫጫሉ። እኔ ጩኸቱን ለምጄው መስማት ትቻለሁ።

ሳልፈቅድለት ወጣ። ተከተልኩት።

«አንቺ እመቤት፣ ምን ሆነሽ ነው የተቀመጥሽው?» አላት።

«ኮፍያዬን ራስቲ ወሰደብኝ።» ራስቲ ውሻችን ነው፤ ያገኘውን ሁሉ በእንጨት ቋሚ ላይ ከቆመው ቤታችን ስር ይደብቃል።

«እና?»

«እና ኮፍያ የሌለው አይጫወትም። ጥላ ስር ነው የሚቀመጠው።»

ወጥ ቤት ምስማር ላይ የገለባ ባርኔጣሽ ተሰቅሎ የለ ወይ አልኳት። ያ አይሆንም አለችኝ፤ ሰማያዊው ነው የሚያስፈልገው። ሰማያዊውን፣ ጠርዙ ሰፊውን፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫው ራሷ መርጣ ነው ያስገዛችኝ። በጋውን ሙሉ ከራሷ አላወለቀችውም። እኔ ሞኟ ደግሞ ከፀሐይ ትጠነቀቃለች ብዬ ለእናቶቹ አውርቼላታለሁ። ትምህርት ቤቱ ሲገቡ ሲወጡ ልጆቹ ሁሉ ያንኑ ዓይነት ሰማያዊ ኮፍያ እንደሚያደርጉ ልብ አላልኩም።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አላት።

ኤልሲ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አጥሩን አየች። «ሚስ ካርዊን። ሁልጊዜ ነው የምትለው።»

ሚስ ካርዊን የምትባል ሰው አይቼ አላውቅም። ኤልሲም አላየቻትም፤ ከአጥሩ ወዲያ ልጆቹን ስታዝ ድምጿን ነው የምታውቀው።

አፈርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ደክሜ፣ ለማላውቃት ሴት ደንብ ትገዛብኝ? ሚስተር ዶብሰን ርዕሰ መምህር ሳለ ይህንኑ የኮፍያ ደንብ ዕድሜ ልኩን ሲጮህበት እንደኖረ ፊቱ ላይ አየሁ። ቀስ ብሎ ገባና ጠረጴዛው ላይ ፈረመልኝ። ፈቃዱ ጸደቀ።

«ሌላ የሚሉኝ ነገር የለም?» አልኩት።

«ጥሩ አስተማሪ ነሽ። ሕጉ እሱን ነው ጠይቅ ያለኝ፣ ጠየቅሁ።» ቦርሳውን ዘጋ። «ስለ ኮፍያ ጠይቅ አላለኝም።»

ለመንገዱ ኬክ ጠቅልዬ ሰጠሁትና ሸኘሁት። ያሸነፍኩበት ቀን ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለኪራን ደውዬ እንሳሳቅ ነበር። ለኤልሲ ኬክ በሳህን ይዤ ወጣሁ።

«ፈቀዱልን» አልኳት።

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁለት ዓመት።»

ትልቅ ሰው ትልቅ ሰውን እንደሚለው፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ እማ» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። ለእኔ ደስ ብሏታል፤ የራሷን ደስታ አልጨመረችበትም።

ከአጥሩ ወዲያ ደወሉ ተደወለ። ጫጫታው ቀጥ አለ። ኤልሲ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና በጓሮው በር አጠገብ ካለው ቧንቧ ዘንድ ሄዳ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች። ከበሩ ራቅ ብላ ነው የቆመችው። ከፊቷ ሌሎች ልጆች የሚሰለፉበትን ቦታ ትታለች።

እንድታስገባት የምትጠብቃት አስተማሪ እኔ ነኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ አየኋት። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደቆመች፣ እኔም በመስኮት እያየሁ «ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል» እንዳልኳት ትዝ አለኝ።

«እማ፣ ተደውሏል እኮ» አለች።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

ኬኩን ለእሷ ሰጥቼ በእንብርክኬ ከቤቱ ስር ገባሁ። የሸረሪት ድሩንና አቧራውን በእጄ እየገፋሁ ራስቲ ከሚደብቅበት ጥግ ድረስ ዘለቅሁ። ኮፍያው እዚያ ነበር፤ ጠርዙ በአንድ በኩል ታኝኳል፣ ግን በመርፌ ይያዛል። ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ ያስፈልጋታል።